የድንጋይ ከሰል፣ ኖራና አየር፦ የብሪኬት ሙከራ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 3

ጥያቄው የመጣው ከሠፈሬ ወጣቶች ነው። በማኅበር ተደራጅተው ሥራ መጀመር ይፈልጋሉ። «ቲቸር፣ ከደልቢ በኩል የሚመጣ የድንጋይ ከሰል አለ። ትልልቁን የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ይወስዱታል፤ ድቃቂውን ማንም አይፈልገውም። በብሪኬት (ተጠፍጥፎ የደረቀ የማገዶ ጡብ) መልክ ጠፍጥፈን ለከሰል ምድጃ ብንሸጠውስ?» አሉኝ።

ሐሳቡ ውድቅ የሚደረግ አይደለም። ጅማ ላይ የከሰል ዋጋ ናላ የሚያዞር ሆኗል። ከሰሉ የሚመጣውም ከደን ነው። ድቃቂው ግን ሜዳ ላይ ተቆልሎ ዝናብ ይመታዋል። ያም ሆኖ ኬሚስትሪ የማስተምር ሰው ነኝና «ከመሸጣችሁ በፊት ሲነድ ምን እንደሚወጣው እንየው» አልኳቸው። ተስማሙ። ይህ ማስታወሻ የዚያ ሥራ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ልዩነት እንያዝ። ምድጃችን ላይ የምናነደው የእንጨት ከሰል ጭሱን ጫካ ውስጥ፣ ሲከሰል ጨርሶ ነው የሚመጣው። ቤታችን የሚደርሰው በአብዛኛው ካርቦንና ጥቂት አመድ ነው። የድንጋይ ከሰል እንደዚያ አይደለም። በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት ከመሬት በታች ተጭኖ የኖረ ዕፅዋት ነው። ጭስ የሚሆነው ክፍሉ ገና ውስጡ አለ። በዚያ ላይ ድኝ (ሰልፈር) አለው፣ ናይትሮጅን አለው፣ አፈርም አለው። ስለዚህ የምንከታተለው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ዓይን የሚያየው ጭስ አለ። አፍንጫ የሚያውቀው የድኝ ጋዝ አለ። ዓይንም አፍንጫም የማያውቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። እነዚህን ለየብቻ ካላየናቸው አንዱን አጥፍተን ሌላውን እያፋፋምን «ጸዳ» ልንል እንችላለን። ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህንን ነው።

ኅዳር 6

ማዳበሪያው መጣ። ድቃቂው ጥቁር ቡናማ ነው፤ እጅ ያቆሽሻል፣ እርጥበትም አለው። ፀሐይ ላይ ዘርግተን ስናገላብጠው ወርቅ የሚመስሉ ቢጫ ብልጭታዎች ታዩ። ልጆቹ ደስ አላቸው። ወርቅ ሳይሆን ፓይራይት ነው፤ ብረትና ድኝ የተጣመሩበት ማዕድን። ሲነድ ብረቱ ዝገት መሰል አመድ ሆኖ ይቀራል። ድኙ ደግሞ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይሆንና ወደ አየር ይወጣል። ጉሮሮ የሚያንቀው፣ ደመና ውስጥ ገብቶ አሲድ ዝናብ የሚሆነው ጋዝ ይኸው ነው።

ፓይራይት ከባድ ነው። ከውሃ አምስት እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ የድንጋይ ከሰል ግን ከውሃ ብዙም አይበልጥም። ይህ ልዩነት ካለ ደግሞ ወርቅ አጣቢዎች የሚሠሩበት ዘዴ ይሠራል። ከልጆቹ አንዱ ወርቅ ሲታጠብ አይቶ ያውቃል። ገበቴ አምጥቶ በውሃ እያሽከረከረ ቀላሉን ከላይ አስወጣው። ከባዱ ከታች ቀረ። የቀረው ዝቃጭ ሲደርቅ በጣት ቢይዙት እንኳ ክብደቱ ያስታውቃል።

ይህንን ለሚሞክር ሁሉ አንድ ማሳሰቢያ፦ የታጠበበትን ውሃ ወደ ወንዝ አታፍስሱ። ፓይራይት ውሃና አየር ሲያገኝ ቀስ እያለ ሰልፈሪክ አሲድ ይሠራል። በርሜል ውስጥ አስቀምጠን ሰንብተን አሲድ ሲነካው የሚቀላውን ሊትመስ ወረቀት ስንነክርበት ቀላ፤ ውሃውም የዝገት ቀለም ይዞ ነበር። ኖራ ጨምረንበት አሲዱ ከሞተ በኋላ ነው የደፋነው። በዓለም ላይ ብዙ የከሰል ማዕድን ማውጫዎች አጠገብ ያሉ ወንዞች ብርቱካናማ የሆኑት በዚሁ ምክንያት ነው።

ኅዳር 10

ዛሬ ያልታጠበውንም የታጠበውንም ላቀች ምድጃ ላይ ደጅ አነደድን። እንደለመድነው ከታች በችቦ አቀጣጥለን ድቃቂውን በእጅ ጠፍጥፈን ከላይ ጨመርን። የወጣው ጭስ ቢጫ የተቀላቀለበት ቡናማ ነበር። ወፍራምና የሚያጣብቅ ነው። ብረት ድስት ክዳን ብንይዝበት ሬንጅ መሰል ነገር ቀባው። ጎረቤት ወጥቶ «ምን እየተቃጠለ ነው?» አለ።

ከእሳቱ በላይ ያለው ከሰል ሲሞቅ ከመንደዱ በፊት ውስጡ ያለው ሬንጅና ጋዝ ይተናል። ተኑ ነበልባል ካገኘ ይነዳል፤ ካላገኘ ቀዝቅዞ ጭስ ይሆናል። እኛ ያደረግነው ተኑ ከእሳቱ ሸሽቶ እንዲያመልጥ ነው።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ከሰሉን ከታች፣ ችቦውን ከላይ አድርጎ ከላይ መለኮስ ነው። እሳቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ከታች የሚነሣው ተን የግድ በፍሙ ውስጥ ያልፋል፤ ሲያልፍ ይነዳል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በጆሃንስበርግ ዙሪያ በድንጋይ ከሰል የሚሞቁ ቤቶች ብዙ ናቸው። እዚያ ይህንን አለኳኮስ «ባሳ ንጄንጎ ማጎጎ» እያሉ ለሕዝብ አስተምረውታል። ከሰዓት እኛም ሞከርነው። ጭሱ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ጋር አይወዳደርም። ክዳኑም ላይ የቀረው ስስ ጥላሸት ብቻ ነው።

ልጆቹ «አለቀ እኮ ቲቸር» አሉ። አላለቀም። ጭሱ ሲቀንስ የድኙ ሽታ ይበልጥ ጎልቶ ወጣ።

ኅዳር 17

የዚህ ሳምንት ሥራ ድኙን መለካት ነው። ውድ መሣሪያ የለንም፤ ትምህርት ቤት ያለው ቢዩሬት (ፈሳሽ እያንጠባጠበ በሚሊ ሊትር የሚለካ የመስታወት ቱቦ) እና ጥቂት ኬሚካል ብቻ ነው። በቂ ነው።

አሠራሩን በዝርዝር ልጻፈው፤ ሌላ መምህር ሊጠቀምበት ይችላልና። ብየዳ የሚሠራው ጎረቤቴ የብረት ቱቦ ቆረጠልን። ቱቦውን ወናፍ ባለው ፍም ላይ አጋደምነው። ውስጡ በሸክላ ጀልባ 2 ግራም የተፈጨ ከሰል ይገባል። የቱቦው ጫፍ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ወዳለበት ጠርሙስ ይገባል፤ ከፋርማሲ የሚሸጠው 3 በመቶው ይሆናል። ከጠርሙሱ ቀጥሎ ውሃ የተሞላ ጀሪካን አለ። የጀሪካኑ ቧንቧ ሲከፈት ውሃው እየወረደ አየር ይስባል፤ አየሩም በጋለው ቱቦ አልፎ፣ ጋዙን ይዞ፣ በጠርሙሱ ውስጥ እየተንቦለቦለ ይመጣል። ፐርኦክሳይዱ ሰልፈር ዳይኦክሳይዱን ይዞ ሰልፈሪክ አሲድ ያደርገዋል። ከዚያ 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በቢዩሬት እያንጠባጠብን አሲዱን እንለካለን።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። ኢንዲኬተሩ፣ ማለትም አሲዱ ሲያልቅ ቀለሙን ለውጦ የሚያሳየን ኬሚካል፣ ሜቲል ኦሬንጅ መሆን አለበት። ፌኖልፍታሊን ብንጠቀም ውሃው ውስጥ የሟሟውን ካርቦን ዳይኦክሳይድም አብሮ ይቆጥረዋል። ሌላው፣ የፋርማሲው ፐርኦክሳይድ እንዳይበላሽ ጥቂት አሲድ ይጨመርበታል። ስለዚህ ከሰል ሳይገባ ባዶውን ለክቶ መቀነስ ያስፈልጋል።

ውጤቱ ይኸው፦ ያልታጠበው ከሰል 25.0 ሚሊ ሊትር ወሰደ። ሲሰላ 2 በመቶ ድኝ ነው። የታጠበው 18.5 ወሰደ፤ ይህም 1.5 በመቶ ገደማ ነው። እንግዲህ በገበቴ ማጠብ ብቻውን ሩብ ያህሉን ድኝ አስወግዷል። ከቀረው ከፊሉ በከሰሉ ውስጥ የተበተነ ደቃቅ ፓይራይት፣ ከፊሉም ከካርቦኑ ጋር በኬሚካል የተሳሰረ ሊሆን ይችላል፤ የተሳሰረውን ውሃ አያወጣውም።

ይህ የእኛ ማዳበሪያ ውጤት እንጂ የደልቢ ከሰል ሁሉ መለኪያ አይደለም። ከአንድ ጉድጓድ እንኳ ንብርብሩ ይለያያል።

ኅዳር 24

አሁን ኖራ። ለግንባታ የሚሸጠው የታሸ ኖራ (ውሃ የጠጣው፣ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ) ነው የተጠቀምነው። ሲግል ውሃውን ይለቅና ካልሲየም ኦክሳይድ ይሆናል። ያ ደግሞ ሰልፈር ዳይኦክሳይድና ኦክስጅን ሲያገኝ ይይዛቸውና ካልሲየም ሰልፌት ይሆናል። ካልሲየም ሰልፌት ማለት ግድግዳ የምንለስንበት የጀሶ ዘር ነው። ጋዝ ሊሆን የነበረው ድኝ ጠጣር ሆኖ አመዱ ውስጥ ይቀራል ማለት ነው።

ስንት ኖራ? ለእያንዳንዱ 32 ግራም ድኝ 74 ግራም የታሸ ኖራ ይበቃል ይላል ስሌቱ። የእኛ 100 ግራም ከሰል 1.5 ግራም ያህል ድኝ ስላለው ሦስት ግራም ተኩል ያህል ኖራ ነው። ይህ ግን ወረቀት ላይ ነው። የኖራው ቅንጣት ከላይ ጀሶ ሲለብስ ውስጡ ያለው ኖራ ጋዝ አይደርሰውም። በዚህ ምክንያት እጥፍ አደረግነው፤ ለ100 ግራም ከሰል 7 ግራም።

በቱቦው ሞከርነው። ብረቱ ደማቅ ቀይ ሆኖ ሲታይ፣ ማለትም 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ ቢዩሬቱ ከ18.5 ወደ 7.2 ወረደ። ከድኙ 60 በመቶ ያህሉ ተያዘ! ልጆቹ አጨበጨቡ፤ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

ጎረቤቴ ግን «ወናፉን ልጨምረው?» አለ። ጨመረው። ብረቱ ከቀይ አልፎ ወደ ቢጫ ሄደ። በዚያ ሙቀት ቢዩሬቱ 10.9 ላይ ቆመ። ኖራው የያዘው 40 በመቶ ብቻ ነው። እሳት በበረታ ቁጥር ይጸዳል ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ ይገርመዋል። ኖራ ከልክ በላይ ሲግል ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ የተያዘውም ድኝ ተመልሶ መላቀቅ ይጀምራል። የከሰል ብናኝን ከኖራ ድንጋይ ጋር በአየር እያንሳፈፉ የሚያነድዱ የኃይል ማመንጫ ማሞቂያዎች እሳታቸውን ከ800 እስከ 900 ዲግሪ የሚይዙት ለዚህ ነው። ሌላም ጥቅም ያገኙበታል። የአየሩ ናይትሮጅን ራሱ ተቃጥሎ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚሆነው ከዚህ በጣም በበለጠ ሙቀት ስለሆነ ያንን በብዛት ያመልጣሉ።

ሌሎቹ ማመንጫዎች ከሰሉን እንዳለ አንድደው ጭሱን በኋላ ያጥባሉ። ብናኙን በኤሌክትሪክ በተሞላ ብረት ስበው ያስቀሩታል። ጋዙን በኖራ ድንጋይ ውሃ ያጥቡትና የሚወጣውን ጂፕሰም (ጀሶ) ይሸጡታል። የሲሚንቶ እቶን ደግሞ በተፈጥሮው ዕድለኛ ነው። ውስጡ የሚጋገረው ራሱ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ከከሰሉ የሚወጣውን ድኝ አብዛኛውን ክሊንከሩ (ኋላ ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው የተጋገረ ድንጋይ) ይወስደዋል። ድቃቂውን ጥሎ ትልልቁን የሚገዛው ፋብሪካ ለእኛ ምድጃ የሌለው መከላከያ አለው ማለት ነው።

ታኅሣሥ 2

ብሪኬቱን ጠፈጠፍን። ከሰል፣ ኖራ፣ ጥቂት የሸክላ አፈርና ማያያዣ ሞላሰስ። ቅርጹ ድፍን ሲሊንደር ነበር። ፀሐይ ላይ በደንብ ደረቀ። ከላይ ለኩሰን ምድጃ ላይ አነደድነው። ሽታው በጣም ቀንሷል።

አመዱን ግን መመርመር ነበረብኝ። ብሪኬቱን ሰብሬ ከመሐሉ አመድ ወሰድኩና ኮምጣጤ ጠብ አደረግኩበት። ወዲያው የበሰበሰ እንቁላል ሽታ መጣ። ከዳር የተወሰደው አመድ ግን አልሸተተም።

ይህ ሽታ ብዙ ይናገራል። መሐል ላይ አየር አልደረሰም። ኦክስጅን በሌለበት ኖራው ድኙን የሚይዘው እንደ ካልሲየም ሰልፌት ሳይሆን እንደ ካልሲየም ሰልፋይድ ነው። ካልሲየም ሰልፋይድ እርጥበትና አሲድ ሲያገኝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይለቃል፤ መርዛማ ጋዝ ነው። አመዱን ጓሮ ብንደፋው ዝናብ ሲመጣ የያዝነውን ድኝ መልሶ ይተፋዋል። ሥራው ግማሽ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

ታኅሣሥ 8

ጎረቤቴ አዲስ ቅርጽ በየደልን። ከታችኛው ክዳን ላይ ዘንጎች ተተክለውበታል። ብሪኬቱ ሲወጣ ከላይ እስከ ታች የሚያልፉ ቀዳዳዎች አሉት፤ እንደ እንጀራ ዓይን። ቻይና ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ቤተሰብ ሲያበስልበት የኖረው የከሰል ጡብም እንዲሁ ባለ ቀዳዳ ነው።

ለውጡ በግልጽ ይታያል። እሳቱ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ይወጣል፤ መሐሉም እንደ ዳሩ ነጣ ብሎ ያልቃል። ከመሐል የወሰድኩት አመድ ላይ ኮምጣጤ ስጨምር ሽታው እጅግ ደካማ ነው። ለግንባታ የሚጠቅም አመድ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ግን ቢያንስ ደረቅ ቦታ ሊቀበር የሚችል ነው።

በዚህ ደረጃ ጭሱም ሽታውም ስለቀነሰ ልጆቹ ለመሸጥ ተቻኮሉ። ዋጋ እያወጡ፣ ማሸጊያ እየመረጡ ነው። ልባቸውን መስበር አልፈለግሁም። ሦስተኛው፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ፣ ግን ገና አልተነካም።

ታኅሣሥ 12

የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ከአንድ ወዳጄ ተዋስኩ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ባዶ የሆነ ዕቃ ክፍል አለ፤ ወለሉ 12 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ምድጃውን ደጅ አቀጣጥለን፣ ፍሙ ሲደርስ አስገብተን፣ በሩን ገርበብ አድርገን ወጣን። ቁጥሩን በመስኮት ነው የምናነበው። ውስጥ ማንም አልነበረም፤ እንዲኖርም አልፈቅድም።

ባለ ቀዳዳው የኖራ ብሪኬት ብዙም ሳይቆይ ማንቂያውን አስጮኸው። ከዚያ ልጆቹ ያልጠበቁትን አደረግን። የተለመደውን የእንጨት ከሰል በዚያው ክፍል ሞከርን። እሱም አስጮኸው።

ሰሌዳ ላይ ወስጄ አስረዳኋቸው። አንድ የካርቦን አቶም ሁለት የኦክስጅን አቶም ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ በአንድ ሞል 394 ኪሎ ጁል ሙቀት ይሰጣል። አንድ ብቻ ሲያገኝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል፤ የሚሰጠው 111 ብቻ ነው። እንግዲህ ካርቦን ሞኖክሳይድ መርዝ ብቻ ሳይሆን የባከነ ገንዘብም ነው። የሚገርመው ግን የጋለ ፍም ራሱ ይሠራዋል። ከታች የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ላይ ሲወጣ በፍሙ ውስጥ ያልፋል፤ ከ700 ዲግሪ በላይ ከሆነ ተጨማሪ ካርቦን ወስዶ ተመልሶ ሞኖክሳይድ ይሆናል። ፍም ላይ የምናያት ሰማያዊ ነበልባል ያ ጋዝ አየር አግኝቶ ሲነድ ነው። ሰማያዊዋ ስትጠፋና ፍሙ ዝም ብሎ ቀይ ሲሆን ጋዙ አልቀረም፤ ሳይነድ እየወጣ ነው። ሰው «አሁን ጠራ» ብሎ ምድጃውን ወደ ቤት የሚያስገባው በዚያ ሰዓት ነው።

ሽታ የለውም። ደማችን ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ እሱን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ኖራ አይነካውም። ከላይ መለኮስም አያስቀረውም። ቀዳዳውም ቢሆን የሚረዳው በከፊል ነው።

ሞንጎሊያ ውስጥ የሆነውን ነገርኳቸው። ዋና ከተማው ኡላን ባታር በብርድ ወራት በከሰል ጭስ ይታፈን ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ጥሬ ከሰል በከተማው ማንደድ ተከለከለና ሕዝቡ ወደ ብሪኬት እንዲዞር ተደረገ። ጭሱ ቀነሰ። ነገር ግን በዚያው መኸር በካርቦን ሞኖክሳይድ የሞቱ ሰዎች ነበሩ። ጭስ በማይታይበት ቤት ውስጥ።

አንዱ ልጅ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቶ «ቲቸር፣ እናቴ እኮ በብርድ ጊዜ ምድጃውን አልጋ ሥር ነው የምታስቀምጠው» አለኝ። ዛሬ ማታ እንዲነግራት አልኩት። ነገ አልልም፤ ዛሬ ማታ።

ታኅሣሥ 15

ውሳኔ ላይ ለመድረስ አንድ ስሌት አብረን ሠራን። አንድ ቤተሰብ ግማሽ ኪሎ የታጠበ ከሰል ቤት ውስጥ ቢያነድ 7.4 ግራም ድኝ ይነዳል። ድኝ ሲነድ ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ 15 ግራም ያህል ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው። ኖራችን 60 በመቶውን ቢይዝልን 6 ግራም ገደማ ይወጣል። ክፍሉ 30 ኪዩቢክ ሜትር ቢሆን በአንድ ኪዩቢክ ሜትር 200 ሚሊ ግራም ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለሃያ አራት ሰዓት የሚመክረው ጣሪያ 40 ማይክሮ ግራም ነው። የክፍሉ አየር መቶ ጊዜ ቢለዋወጥ እንኳ ከዚያ ጣሪያ ብዙ እጥፍ እንሆናለን።

ቁጥሩን ሲያዩት መከራከር አላስፈለገኝም። ለከሰል ምድጃ፣ ጭስ ማውጫ ለሌለው ቤት፣ ይህ ብሪኬት አይሸጥም። ራሳቸው ናቸው ያሉት።

የጭስ ማውጫ ያለበት ቦታስ? የጡብ ማቃጠያ ያለው አንድ ሰው ማገዶ ተወዶበት ብሪኬቱን ሊሞክር ፈቃደኛ ሆኗል። ሠራተኞቹ ከጭሱ ርቀው ይሠራሉ፤ ማውጫውም ረጅም ነው። ረጅም ማውጫ ግን ችግሩን ወደ ሌላ ሰው ያሻግረዋል እንጂ አያጠፋውም። ለንደን እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 5 እስከ 9 ቀን 1952 በከሰል ጭስ ጉም ስትሸፈን ብዙው ጭስ ከየቤቱ ጭስ ማውጫ በደንብ ወጥቶ ነበር። ነፋስ ስላልነበረ ከተማዋ ላይ ቆመ። መጀመሪያ የተቆጠሩት ሟቾች 4,000 ያህል ነበሩ፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ከዚያ በጣም ከፍ ያደርጉታል። እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው ሕግ የየቤቱን እሳት ጭምር የነካው ለዚህ ነው። ስለዚህ ለጡብ ማቃጠያው የታጠበ፣ ኖራ የገባበት፣ ባለ ቀዳዳ ብሪኬት ብቻ እንዲሸጥ ተስማምተናል። ኖራው ወጪ ነው ብሎ የሚያስቀር ሰው ቢመጣ ማኅበሩ እንዳይቀበለው በቃለ ጉባኤ ጻፉት። በዚህ ኮርቼባቸዋለሁ።

ታኅሣሥ 21

ለቤት የሚሆነውን አልተውነውም። ጅማ የቡና አገር ነው፤ መቀሸሪያዎቹ ደጅ የገለባ ክምር ሞልቷል። ገለባ ድኙ ከድንጋይ ከሰል በጣም ያነሰ ነው። ጭሱን ለማስወገድ በርሜል ውስጥ መጀመሪያ መከሰል አለበት፤ ከዚያ በያዝነው ባለ ቀዳዳ ቅርጽ ይጠፈጠፋል። ካርቦን ሞኖክሳይዱ እንዳለ ስለሆነ ማሸጊያው ላይ ትልቁ ጽሑፍ «ደጅ ይቀጣጠል፤ በተዘጋ ቤት አይነድ፤ ይዘውት አይተኙ» የሚል ይሆናል። ከማኅበሩ ስም በላይ ይጻፍ ብያለሁ፤ ተቀብለውኛል።

ጎረቤቴ በርሜሉን እየበየደ ነው። የሚወጣው ጋዝ ተመልሶ ከበርሜሉ ሥር እንዲነድ ቱቦ እያዞረበት ነው፤ አለበለዚያ ጭሱን ከኩሽና ወደ ጓሮ አዛወርነው እንጂ አልቀነስነውም። ገለባው ከነገ ወዲያ ይደርሳል። እርጥበቱንና አመዱን ከለካን በኋላ 2 ግራሙን እዚያው ቱቦ ውስጥ እናስገባና ቢዩሬቱ ምን እንደሚል እናያለን።